የአራት ዓርብ ጉዞ

በፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ትኬት ቆራጮቹ ተነሥተው ሰሌዳ የሚያነብ ካሜራ ሲተካ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳምጠው ደስ አላቸው። በሥራ ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛቸው ሲያልፉ የሚያያቸው ሰው አይኖርም ብለው ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ካሜራው የመዘገበው የጉዞ ዝርዝር ለመሥሪያ ቤቱ በኢሜይል ተላከ። መኪናዋ አራቱንም ዓርብ ረፋድ ላይ ወጥታ አመሻሽ ላይ ተመልሳለች። አቶ ዳምጠው ቀድመው ሾፌራቸውን ከሰሱ፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አቁመውም ከሥራ እንዲባረር ጠየቁ።

«የመንግሥት መኪና ለሽርሽር አውለሃል! አልሄድኩም በል እስቲ!»

«መሄዱንስ ሄጃለሁ፣ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ።

«ሰማችሁ? አመነ!» አሉ ኃላፊው ወደ ኮሚቴው ዞረው። «በዝርዝሩ ላይ የእኔ ስም የለም። አንተ፣ ሳትዘባርቅ መልስ፤ በእነዚያ ዓርቦች መሪው በማን እጅ ነበር?»

ሾፌሩ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ኮሚቴውን አየ።

«መኪናዋ ሁለት መሪ ነበራት። አንዱ በእኔ እጅ ነበር። ሌላው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ‹ቶሎ ንዳ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል› ይሉኝ ነበር።»