የወንዙ ተራ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ከልክ አልፎ በረዘመበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ወንዝ ዳር በቆሎ ዘራች። ሰው ቤት ጭነት ስትሸከም ኖራ ጀርባዋ እንደተላጠ ያመለጠች ናትና፣ ይህ በቆሎ ካልደረሰ ወደ ጭነቱ መመለሷ ነው። ስለዚህ እረፍት የላትም። ቦዩን አይታ ትመለሳለች፤ ማሳዋ ሳትደርስ ደግሞ ዞራ ታየዋለች።

በዚያ ወንዝ ውሃ በተራ ነበር። ሰባት ቀን እንስሳቱ ወደየማሳቸው ይጠልፉታል፤ ስምንተኛው ቀን ግን የወንዙ ተራ ነው። ያን ቀን ግድቡ ይከፈትና ውሃው ቁልቁል ወርዶ ዓሣው፣ እንቁራሪቱ፣ ቆቁና ዳክዬው የሚኖሩበትን ረግረግ ይሞላል። ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባት ሽማግሌው ሽመላ ነበር። ረግረጉ መሃል በአንድ እግሩ ይቆምና ውሃው ጉልበቱን ሲነካው «በቃ፣ ዝጉ» ይላል።

ስምንተኛው ቀን ሲደርስ የአህያ በቆሎ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ግድቡ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትል ቀበሮ አገኛት። ረግረጉ ከደረቀ ቆቆቹ መደበቂያ እንደሚያጡ ያውቃል፤ ይህን ግን ለራሱ ያዘው።

«እትዬ አህያ፣ ወንዝ ምን ማሳ አለውና ነው ተራ የሚሰጠው?» አላት። «ዝጊው። ሽመላ ቢቆጣ መንቁሩ ከአንቺ ርግጫ አይብስም።»

አህያ ልቧ ፈራ። የተጠቀለለውን ቅጠል ስታይ ግን ግድቡን በጭቃ ደፈነችው። ለጥበቃ አያ ጅቦ ተቀጠረ፤ ደመወዙ ረግረጉ ሲደርቅ የሚገኘው ዓሣ ሁሉ ነው። ዓሣው ሲያልቅ ምን እንደሚበላ አልጠየቀም፤ መቼ እንደሚጀምር ብቻ ጠየቀ።

ሽመላ ወደ ማሳዋ መጣ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ በታች መውረዱን ነገራት።

«በቆሎዬ ብቻ ይድረስልኝ፣ አባ ሽመላ» አለች። «ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

«‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ› ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር» አለና ክንፉን ዘርግቶ ሄደ። ዳክዬዎቹም ተከተሉት።

በቆሎው አማረበት፤ አህያ ግን አልተረጋጋችም። እንቁራሪት አይጮህም፣ ወፍ አይንጫጫም። ዝምታው አስፈራት። አንድ ቀን ጠዋት ከማሳው ውስጥ እንደ ማኘክ ያለ ድምፅ ሰማች። ቅጠሉን ስትገልጥ ተምች ነው። በየዓመቱ ሳይራባ የሚለቅሙት ሽመላውና ዳክዬው፣ የረግረጉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሷ ልብ ብላው አታውቅም። አንዱን ስትረግጥ አስር ይመጣል። ወደ ቀበሮ ሮጠች፤ የመጨረሻዋን ቆቅ በልቶ ሰፈር ቀይሯል። ወደ ግድቡ ሮጠች። አያ ጅቦ ከግድቡ ሥር ቁጭ ብሎ ጭኗን ጭኗን ያያል።

«ዓሣው አለቀ» አላት። «እኔ ግድቡን ጠብቅ ተባልኩ እንጂ አንቺን አትብላ አልተባልኩም።»

አህያ ዞረችና በሁለት ኋላ እግሯ ግድቡን መታችው። ጭቃው ተናደ፤ ውሃው አያ ጅቦን ከነስስቱ ጠርጎ ወሰደው።

በቆሎው ግን አልተረፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ያን ዓመት አንገቷን ደፍታ ሰው ቤት ገባች፣ ጆንያ ተሸከመች፤ የሻረው ጀርባዋ እንደገና ተላጠ። እያለቀሰች ነው የከረመችው።

በዓመቱ አምልጣ ተመለሰችና እንደገና ዘራች። ስምንተኛው ቀን ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ ግድቡን የከፈተችው እሷ ነበረች። ሽመላ ወደ ረግረጉ ተመልሶ በአንድ እግሩ ቆሟል።

«በቃ ልጄ፣ ጉልበቴን ነክቶኛል። ዝጊው» አላት።

አህያ ወደ በቆሎዋ ዞር ብላ አየች፤ አልዘጋችም።

«ትንሽ ይቆይ፣ አባ» አለች። «ያኛውንም እግርዎን ያውርዱትና ይርጠብ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የወንዙን ውሃ አንጠፍጥፈን ለራሳችን ስንጠልፍ፣ ሳናውቃቸው ማሳችንን የሚጠብቁልንን ጎረቤቶች አብረን እንደምናባርር ነው።