ቀኑን ያልጠበቀው ኮቴ

አንድ ሰው ነበረ፤ ብረት ቀጥቃጭ። ቆይ አንዳርጌ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ሚስትህን በሰባት ወሯ ምጥ ጀመራት። ሐኪሞቹ መርፌ እንውጋት ሲሉህ «የቸኮለው ልጁ፣ የምትወጋው እናቱ፤ ይሄ ምን ይባላል?» ብለህ ወደ እኔ ወደ አጎትህ ሮጥክ። መጀመሪያ ይህን ስማኝ።

ያን ብረት ቀጥቃጭ አንድ ቀን በቀትር ከደጅ ድምፅ ጠራው። ቢወጣ ማንም የለም። ድምፁ ግን «ወናፍ ሥራልኝ። በዘጠነኛው ሳምንት እመጣለሁ። ስደርስ ካልተነፈሰልኝ እሞታለሁ» አለው። ሰውየው ፈራ። የፍየል ቆዳውን ወዲያው ሰፋ፤ ቆዳውን የሚያለሰልሰውን ቅባት መቀባቱን ግን «ገና ነው» ብሎ ለመጨረሻው ሳምንት አቆየው።

በሰባተኛው ሳምንት ኮቴ ተሰማ። መንገዱ ላይ አቧራው ይነሣል፣ የሚራመደው አይታይም። ውሻው ጭራውን ሸጉጦ አልጋ ሥር ገባ። ሰውየው ወናፉን ቢስበው ውስጡ እርስ በርሱ ተጣብቆ አልከፈት አለው። ደጅ ወጥቶ «ቀኑ አልደረሰም! ተመለስ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ኮቴው አልቆመም።

ሚስቱ ጎትታ አስገባችው።

«አንተ ሰው፣ ከኮቴ ጋር ሙግት ያዝክ? እኔ በሩን ደግፌ ላቆየው፣ አንተ ቅባት አምጣ።»

«አፉን ሰፍቼዋለሁ፤ ውስጡን በምን አገኘዋለሁ?»

«ከውጭ እሸው። ቆዳ ይጠጣል።»

ሁለት ቀን አሸው። ሁለት ቀን በሩ ከውጭ ሲገፋ እሷ በጀርባዋ መለሰችው። በመጨረሻ ጉልበቷ አለቀና በሩ ተከፈተ። ማንም አልገባም። መሬት ላይ የነበረው ወናፍ ግን እጅ ሳይነካው አንዴ ኩምትር አለ፤ ከዚያ ዝም። ባልና ሚስቱ ቆመው አዩት። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተና ተነፈሰ።

እንግዲህ አንዳርጌ፣ ወናፉ የልጅህ ሳንባ ነው። ያለቀኑ የሚወለድ ልጅ ሳንባው አልከፈት ይላል። መርፌው ቅባቱ ነው፤ እናቱን የሚወጉት ልጁ ዘንድ ሌላ መግቢያ ስለሌለ ነው፤ መድኃኒቱ በደሟ ይሻገርለታል። ምጡን አንድ ሁለት ቀን ለማቆየት የሚሰጧት መድኃኒትም በሩን መደገፊያ ነው። ይተርፋል ብዬ አልምልልህም። የእኔ የመጀመሪያ ልጅ በሰባት ወሯ ስትመጣ ይህን መርፌ የነገረን አልነበረም። እዚህ እጄ ላይ ነበረች፤ አፏን ትከፍታለች፣ አየሩ አይገባላትም። አንተን ግን ነግረውሃል። ተነሥ፤ ሂድና ከሚስትህ ጋር እሺ በሉ።