ሁሉን ያዡ ሳጥንና አርባዎቹ ስሞች

ተረት ተረት ብል «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ታሞጠሙጣላችሁ። ተዉት፤ የዛሬው ተረት በረት የለውም። ያለው ሳጥን ነው፤ እሱም ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ።

በአንድ ጤና ጣቢያ ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል ፕሮግራመር ነበረች። ከታች አዳራሹ ውስጥ ደግሞ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ የሸፈነባቸው ሴት ተቀምጠዋል። ሞራውን የሚገፈው ሐኪም ከሩቅ አገር ለአንድ ቀን የመጣ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይሄዳል፤ የሚመለሰው የዛሬ ዓመት ነው። እማማ ደብሪቱ ከሁሉ ቀድመው ተመዝግበዋል። የትርሲት ፍላጎት ትንሽ ነበረች፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን አርባ ስሞች አንድ በአንድ፣ በተራቸው፣ በድምፅ ማጉያ መጥራት።

ሳጥኑ የስም ሳጥን ብቻ በነበረ ጊዜ ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ኢንጂነር ግሩም አፍርሶ ሠራው። አሁን ስምም ይይዛል፣ ቁጥርም ይይዛል፣ ቀንም ይይዛል፣ ገና ያልታሰበውንም ዓይነት ይይዛል። «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ፣ ኬክ ተቆርሶ ተመረቀ። በጭብጨባው መሀል ተራ ጠሪው ተረሳ። ታክሲ ተራ ላይ «ቀጣይ» የሚል፣ ሰልፉ ሲጠናቀቅም «አለቀ» የሚል ሰው አለ አይደል? ሳጥንም እንዲያ ያለ ነገር ካልተጻፈለት የያዘውን በተራ አያወጣም። በስም ለጠየቀው ብቻ ይሰጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ትርሲት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጥሪዋን መስመር ጽፋ ለኮምፓይለሩ ሰጠች። ኮምፓይለር ማለት ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንብቦ የሚመረምር፣ ጉድለት ካየ በር የሚዘጋ ዘበኛ ነው። አነበበና «ይህ ሳጥን ተራ ጠሪ የለውም፤ አላሳልፍም» አለ። ዘበኛ ነው ብላችሁ አትለማመጡት፤ ዘመድ የለውም።

ወደ ኢንጂነር ግሩም ሄደች። «ተራ ጠሪ ከሌለ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም፤ ኮምፓይለሩ ካላሳለፈ ስም አይጠራም። ዘጠኝ መስመር ናት፤ እባክህ ጻፍልኝ። ሳጥኑን እኔ እንዳልነካው ቆልፈኸዋል።»

«የተመረቀ ነገር ጎዶሎ ነው ብዬ ራሴን ላሳጣ?» አለ ግሩም። «ወይዘሮ እጅጋየሁ ካልፈቀዱ አልጽፍም።»

ወይዘሮ እጅጋየሁ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ትርሲት በራቸውን አንኳኳች። «እርስዎ ካልፈቀዱ ግሩም አይጽፍም፤ ግሩም ካልጻፈ ተራ ጠሪ የለም፤ ተራ ጠሪ ከሌለ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም፤ ኮምፓይለሩ ካላሳለፈ ስም አይጠራም» አለቻቸው።

«በደብዳቤ ጠይቂኛ፤ ቁጥርና ማህተም ባለው።»

«ወረቀት ቀረ አልተባለም?»

«የቀረው ለበሽተኛ ነው» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«እስከዚያ ታዲያ እማማ ደብሪቱን በስማቸው ልጥራቸው። በስም ሲጠየቅ ሳጥኑ ይሰጣል፤ ደግሞም የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው።»

«የመጀመሪያዋ መሆናቸውን በምን አወቅሽ? ሳጥኑ ተናገረ? ያለ ተራ በስም መጥራት አድልዎ ነው፤ እንዳትሞክሪው።»

ትርሲት ደብዳቤውን ጽፋ ወደ መዝገብ ቤት ስትወርድ በአዳራሹ አለፈች። እማማ ደብሪቱ ኮቴዋን ለይተው አወቁት።

«የኔ ልጅ፣ ደረስኩ?»

«ትንሽ ነው የቀረው እማማ።»

«ግድ የለም፣ እኔ ጠብቄ አላውቅም ብለሽ ነው? የልጅ ልጄ አምስት ዓመት ሞላት። በእጄ ነው የማውቃት፤ አፍንጫዋ የኔ ነው ይላሉ። እስቲ እውነታቸውን እንደሆነ አያለሁ።»

መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ተቀበለ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ማህተም ካልተመታበት አይወጣም። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ተቆልፏል፤ ቁልፉ አቶ ዘለቀ ኪስ ነው። አቶ ዘለቀስ? አቶ ዘለቀ እዚያው አዳራሽ፣ ከእማማ ደብሪቱ አሥራ ሁለት ወንበር ወዲያ ተቀምጠዋል። ለካ ግራ ዓይናቸው ሞራ ጥሎበታል፤ እሳቸውም ተመዝግበው ስማቸውን ይጠብቃሉ።

«አቶ ዘለቀ፣ እርስዎ ካልተነሱ ማህተሙ አይመታም፤ ማህተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይወጣም፤ ደብዳቤው ካልወጣ ወይዘሮ እጅጋየሁ አይፈቅዱም፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ግሩም አይጽፍም፤ ግሩም ካልጻፈ ተራ ጠሪ የለም፤ ተራ ጠሪ ከሌለ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም፤ ኮምፓይለሩ ካላሳለፈ ስም አይጠራም» አለች ትርሲት ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ብነሳ ተራዬ ያልፈኛል፤ ስሜ ካልተጠራ አልነሳም።»

«ቁልፉን ይስጡኝ እንግዲያ።»

«ማህተም በሰው እጅ አይመታም፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት በእጄ ነው የመታሁት።»

ትርሲት ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ሥር ያለው ግን ንዴት ነበር። ስም ካልተጠራ አቶ ዘለቀ አይነሱም፤ አቶ ዘለቀ ካልተነሱ ማህተሙ አይመታም፤ ማህተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይወጣም፤ ደብዳቤው ካልወጣ ወይዘሮ እጅጋየሁ አይፈቅዱም፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ግሩም አይጽፍም፤ ግሩም ካልጻፈ ተራ ጠሪ የለም፤ ተራ ጠሪ ከሌለ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም፤ ኮምፓይለሩ ካላሳለፈ ስም አይጠራም፤ ስም ካልተጠራ አቶ ዘለቀ አይነሱም። ሐኪሙ በር በሩን እያየ ተቀምጧል። አርባ ሰው ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ሆነ።

ያኔ ወይዘሮ እጅጋየሁ ራሳቸው ትርሲት ጠረጴዛ ድረስ መጡ። «ዘለቀን በስሙ ጥሪልኝ» አሉ።

«አድልዎ አይደለም?»

«ይሄ ለሥራ ነው፤ ታክሞ ማህተሙን ይምታ።»

ትርሲት «ዘለቀ» ብላ ጻፈች፤ ሳጥኑ ዓይኑን ሳያሽ ሰጣት። ዘለቀ ሦስት ፊደል ነው፣ ደብሪቱ አራት። አንዲት ፊደል ብትጨምር ጣቷ አይሰበርም ነበር፤ ግን ኃላፊዋ ከጀርባዋ ቆመዋል፤ ፈራች። እኔ ተራኪው ይቅር አልላትም፤ እሷም ራሷን ይቅር አላለችም።

አቶ ዘለቀ ተጠሩ፣ ገቡ፣ ሞራቸው ተገፈፈ፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ወጡና ማህተሙን መቱ፤ በአንድ ዓይን ነውና ትንሽ ተንጋደደ። ማህተሙ ሲመታ ደብዳቤው ወጣ፤ ደብዳቤው ሲወጣ ወይዘሮ እጅጋየሁ ፈቀዱ፤ እሳቸው ሲፈቅዱ ግሩም ጻፈ፤ ግሩም ሲጽፍ ሳጥኑ ተራ ጠሪ አገኘ፤ ተራ ጠሪ ሲያገኝ ኮምፓይለሩ ያለ አንዲት ቃል አሳለፈ፤ ኮምፓይለሩ ሲያሳልፍ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ» አለ። የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ።

«አቤት» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ወንበር ለወንበር እየዳሰሱ ወደ ሐኪሙ በር ሄዱ። ትርሲት ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በሩን ሲያንኳኩ ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው፤ የሐኪሙ መኪና አጥሩን አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ? ይኸው ተጠራሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ትርሲት እጃቸውን ያዘች። ተራ ጠሪው ግን አንዴ ከተነሳ እስኪጨርስ አያቆምም። «ቀጣይ» አለ፣ ስም ጠራ፤ «ቀጣይ» አለ፣ ስም ጠራ። አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳይደግም፣ እንዴት ያማረ አጠራር! ከአቶ ዘለቀ በቀር እያንዳንዱ ሰው «አቤት» እያለ ተነሳ፤ እየተነሳ የተዘጋ በር ፊት ቆመ። አርባኛው ስም ከተጠራ በኋላ ተራ ጠሪው በደንቡ መሠረት «አለቀ» አለ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ዳቦውን ተዉትና ለእማማ ደብሪቱ አንድ ዓመታቸውን መልሱላቸው።