ጃርት፣ ጧፍና የማሽላው ጉድጓድ

«እማዬ፣ መብራት ሲጠፋ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ ልጄ ማስተዋል፣ አንድ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ሳለ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ መብራት የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። እናም ይህን ተረት ነገርኳት። እናንተም ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ በቆላ አገር፣ ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ታታሪ ሴት ነበረች። ልጆቿ ተርበዋል። ማሽላዋ ደግሞ ሟች ባሏ በደፈነው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በዚያ አገር እህል የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነዋ! ጉድጓዱን ስትከፍተው ሽታው ፊቷን መታት። አምና አንድ ጎረቤቷ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ወርዶ አልወጣም። ፈራችና ምክር ፍለጋ ሄደች።

መጀመሪያ ዝንጀሮን አገኘች። ዝንጀሮ «ሁሉን አዋቂ ነኝ» ባይ ነው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ጉድጓዴን ብወርድ ይገድለኛል?»

«ምን ይገድልሻል! ውረጂ! እኔ ጉድጓድ ስወርድ ስወጣ ነው ያደግሁት።»

«እንግዲያው ና፣ ቅደመኝ።»

«ዛሬ እንኳ… ወገቤን ያመኛል» አለና ዛፉ ላይ ወጣ።

ቀጥላ ኤሊን አገኘች። ኤሊ ውሸት አትወድም፤ ጣጣም አትወድም።

«እመት ኤሊ፣ ጉድጓዴን ብወርድ ይገድለኛል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ!» ብላ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች።

አልዋሸችም። ዘርፌ ግን ባዶ እጇን ቀረች።

በሦስተኛው ጃርትን አገኘች። ጃርት ጉድጓድ ቆፋሪ ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች።

«እመት ጃርት፣ ጉድጓዴን ብወርድ ይገድለኛል?»

«ያንቺን ጉድጓድ አላየሁትም፤ አላውቅም።»

ዘርፌ ልትሄድ ተነሳች።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም! የማውቀውን ልንገርሽ። የታፈነ ጉድጓድ እሳትም ያጠፋል፣ ሰውም ያጠፋል። ጧፍ አብርተሽ በቅርጫት አውርጂ። ከጠፋ እንዳትወርጂ፤ ክፍቱን ይደርና ነገ ሞክሪ።»

«ካልጠፋስ?»

«ያኔም አልምልልሽም። ወገብሽን በገመድ ታሰሪ፣ ጎረቤቶችሽ ከላይ ይያዙሽ። ራስሽን ካዞረሽ ጩኺ፣ ይሳቡሽ።»

ዘርፌ ጧፉን አወረደች። እልም ብሎ ጠፋ! «ወርጄ ቢሆን ኖሮ!» አለች። ያን ቀን ልጆቿ ቅጠል ቀቅለው በሉ። በማግስቱም እልም! በሦስተኛው ቀን ጧፉ እንደበራ ወረደ፣ እንደበራ ወጣ። ስመ ሥላሴን ጠርታ፣ በገመድ ታስራ ወረደች። መጀመሪያ ማሽላው ወጣ፣ ቀጥሎ እሷ። ልጆቿ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ እሷም እየሳቀች አለቀሰች።

«እኔስ ብያት አልነበር!» አለ ዝንጀሮ ከዛፉ ላይ። ከዚያ ወዲህ ዝንጀሮን መንገድ እንኳ የሚጠይቀው የለም። ለጃርት ግን ዘርፌ በየመከሩ አንድ ቁና ማሽላ ታስቀምጥላታለች።

ልጆቼ፣ «አላውቅም» ማለት ነውር የለውም። «አላውቅም» ብሎ በር መዝጋት ነው ነውሩ። ተረቴን እዚህ ላይ አሰርኩት፤ ፈትቶ የሚያካፍለውን እግዜር ይባርከው።

ማስተዋል ግን «እማዬ፣ አንቺስ የትኛዋ ነሽ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ እጇን ይዤ የመብራት ኃይል ሠራተኛው ጋሽ ደምሰው ዘንድ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ እኔ ያልመለስኩላት ጥያቄ አላት» አልኩና በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።