ቅጠሉን ያየችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ለዐሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቃል በሆዷ ይዛ የኖረች።

ቃሉን የተናገራት ባሏ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ እየሄዱ ነበር፤ መኪናው በእሱ ዘመዶች ጢም ብሏል። እሷ ጋቢና ተቀምጣ፣ «ሽብሩ፣ ቀስ በል፣ ከብት እየወጣ ነው» አለችው። እሱም ፊቱን ሳያዞር፣ «መሪው እጅሽ ሲገባ ያኔ ትናገሪያለሽ» አላት። ከኋላ ያሉት ሳቁ። የወንድሙ ሚስትማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ለቅሶ ቤት የደረሰችውም በዚያው እንባ ነው።

ይኸው ነው። አልመታትም፣ አልሰደባትም። ግን እናንተ ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ቃል ሲነገር ትንሽ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲያድር ነው የሚፋፋው።

ሴትዮዋ አስካለ ትባላለች። ግትር ናት። በዚያች ቀን በልቧ ቆረጠች፤ ከእንግዲህ ስለ መንገድ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም አለች። አልወጣም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ጋቢና ተቀምጣ ስለ ሽንኩርት ታወራለች፣ ስለ ዕድር ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ታወራለች። ጉድጓድ ታያለች፣ ዝም። አህያ ታያለች፣ ዝም። ባሏም ይህን ሁሉ ዓመት፣ «ሚስቴ በእኔ መንዳት ትተማመናለች፣ ትንፍሽ አትልም» እያለ ለሰው ይኮራባት ነበር።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ።

ሽብሩ ሃያ ስምንት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል። ልጆቹ ተረዳድተው አምና አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙለት። መኪናዋ ክሩዝ የሚሉት ነገር አላት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም። ፍጥነቱን ትነግሯታላችሁ። ሰማንያ ካላችኋት በሰማንያ ትሄዳለች፤ እናንተ እግራችሁን ታነሳላችሁ። ፊቷ የሚሄድ መኪና ካገኘች ራሷ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ርቀቷን ጠብቃ ትከተለዋለች። ያ መኪና ዞር ካለላት ደግሞ ወደ ሰማንያዋ ትመለሳለች። መሪው ግን የእናንተ ነው።

ጥሩ ነገር ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ በረከት ነው። እኔ ዛሬ እሱን ልነቅፍ አልመጣሁም።

የሸጠለት ሰው መኪናዋን ሲያስረክበው፣ «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱና ይዝናኑ፤ እሷ ታይልዎታለች» አለው። ሽብሩ ይህችን አንድ ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ከፈተው፤ ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ አስካለን ሌላ ነገር ያበሳጫት ጀመር። መኪናዋ ጢጥ ስትል ሽብሩ «እሺ» ይላል። ቀበቶ ስትለው ያስራል። በር ስትለው ወርዶ ይዘጋል። አስካለም በሆዷ፣ እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ለእሷ ታዛዥ ሆነ አለች። ለልጇ በስልክ፣ «አባትሽ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል። ይህችኛዋን ይሰማታል» አለቻት።

ልጅቷ ረድኤት ትባላለች። ሐዋሳ ነው የምትኖረው። በነሐሴ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ እናቷ ቤት እንድትታረስ ተባለና ሁለቱ ሊያመጧት ሄዱ። ሲመለሱ ሽብሩ መሪ ላይ፣ አስካለ ጋቢና፣ አራሷ ከኋላ፣ የሃያ ሁለት ቀን ሕፃን አጠገቧ።

ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ የጠራ ጠዋት ነበር። ዝዋይን አለፉ። ፊታቸው አንድ ትልቅ አውቶቡስ አለ፤ መንገዱን ሞልቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሽብሩ ክሩዙን ሰማንያ ላይ ሞልቶ፣ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ ተቀምጧል። መኪናዋ አውቶቡሱን እየተከተለች ነው።

«አየሽ ረድኤት? ፍሬን ነክቻለሁ?»

«አልነካህም አባዬ።»

«ታዲያ ሃያ ስምንት ዓመት ይህን ጉልበት የጨረስኩት ለምን ነበር?»

«እሷ ስላልነበረች ነዋ» አለች አስካለ።

«ቀናሽ እንዴ?»

«እኔ ምን አገባኝ። ተስማምታችሁ ኑሩ።»

ረድኤት ሳቀች። በዚህ መሀል ነው አስካለ አስፋልቱ ላይ አንድ ነገር ያየችው።

ቅጠል ነው። ዳር ላይ የተጣለ፣ አሁን የተሰበረ የግራር ቅርንጫፍ። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ። ይኸኛው መስመራቸው መሀል ነው፤ አውቶቡሱ በሆዱ ሥር አሳልፎት ሄደ።

መንገድ ላይ ቅጠል ካያችሁ ምን ማለት ነው? ይህን ለእናንተ ማስረዳት አለብኝ? ወደፊት መኪና ተበላሽቷል፣ ሰው አለ፣ ቀስ በሉ ማለት ነው። በጋሪ የሚሄደው ያውቀዋል። ማንበብ የማትችል አሮጊት ታውቀዋለች። መኪናዋ ግን አታውቅም። ማን ይንገራት? ለእሷ ቅጠል ቅጠል ነው። ሽብሩ ያውቃል፤ ራሱ ስንቴ ሰብሮ ጥሏል። በዚያች ሰዓት ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። ከመሪው ጀርባ ባለው እስክሪን ላይ ትንሽዬ አውቶቡስ ተስላለች፤ እሷን እያየ ይደነቃል።

ቅርንጫፉ በጎማቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

አስካለ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ለምን ዘጋችው? እስቲ ንገሩኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የተዘጋ አፍ እንዲህ በቀላሉ ይከፈታል? ብናገር ምን ይለኛል? መሪው እጅሽ ሲገባ ይለኛል፣ ያውም በልጄ ፊት፣ አለች በልቧ። ይየው። ራሱ ይየው። ካልሆነም ያቺ ሚስቱ ትይለት።

አውቶቡሱ ወደ ግራ ተጠመዘዘ።

መንገዱ ለመኪናዋ ባዶ መሰላት። የምትከተለው ነገር ጠፋ፤ ሰማንያዋን ፈልጋ ወደፊት ተስፈነጠረች። ልብ በሉ፤ አልቀዘቀዘችም፣ ጨመረች። ፊት ለፊት ደግሞ ቲማቲም የጫነ የጭነት መኪና መስመሩን ይዞ ቆሟል። የኋላ ጎማው ተፈትቷል። ከሥሩ ሁለት እግር ወጥቶ ይታያል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ የሰው እግር።

«ሽብሩ፣ ፍሬን! ሰው አለ!»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሽብሩ ቀና አለ። ያ የሚያመው እግሩ ከነሕመሙ ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ጎማው ጮኸ፣ ሕፃኑ ጮኸ። ቆሙ። በመኪናዋ አፍንጫና በጭነት መኪናው መሀል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም።

ሰውዬው ከሥር ተስቦ ወጣ፤ እጁ ቅባት በቅባት ሆኗል። ወደ መስኮቱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። መጀመሪያ ሽብሩን፣ ቀጥሎ ሕፃኑን።

«አባት፣ ቅጠሉን አላዩትም?» አለ። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ነው የጠየቀው።

ሽብሩ ለሹፌር ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች አስካለ።

ሽብሩ ወደ እሷ ዞረ። «አይተሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«መሪው እጅሽ ሲገባ ያኔ ትናገሪያለሽ ብለኸኛል።»

«እኔ? መቼ?»

«የአጎትህ ለቅሶ ስንሄድ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆነው።»

ሽብሩ አሰበ። እንደገና አሰበ። አስካለ ፊቱን ታየዋለች፤ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። «እውነቴን ነው አስካለ፣ ትዝ አይለኝም» አለ።

ትዝ አይለውም።

እሷ ዐሥራ ሰባት ዓመት የተሸከመችውን እሱ ለቅሶ ቤት ሳይደርስ ረስቶታል። አስካለ ዞር ብላ የልጅ ልጇን አየችው። ፊቱ ቀልቶ፣ እጁን ጨብጦ ያለቅሳል። የተናገረው ሰው እንኳ ለማያስታውሰው ቃል ስትል ማንን ልታጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

እዚያው መንገድ ዳር አንድ ነገር አደረገች። እሱን ላቆየውና ቤት ሲገቡ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቤት ሲገቡ አስካለ፣ «ያ መጽሐፍ ሳይነበብ ሁለተኛ እዚያች መኪና ውስጥ አልገባም» አለች። ግትር ናት ብያችኋለሁ። ረድኤት አልጋዋ ላይ ሆና መጽሐፉን በስልኳ እያስተረጎመች አነበበችላቸው። ሽብሩ መነጽሩን አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

«አባዬ ስማ። በፍጥነት ስትሄድ የቆመ መኪና ላትለይ ትችላለች ይላል።»

«እሺ።»

«ፊት ያለው መኪና ድንገት ከመስመር ከወጣ ሹፌሩ ራሱ ፍሬን ይያዝ ይላል።»

«እሺ።»

«እግረኛና እንስሳ ሊያመልጣት ይችላል። ኩርባ ላይ፣ ከባድ ዝናብና ጉም ሲሆን፣ ሰውና ከብት በሚበዛበት መንገድ አትጠቀሙባት። ፊቷ ላይ ያለውን ዓይኗን ጭቃ ከሸፈነው አታይም፣ ጥረጉላት።»

«ሰውና ከብት የማይበዛበት መንገድ የቱ ነው ደግሞ» አለ ሽብሩ።

«ለማረፍ ብለህ እግርህን አርቀህ አትሰብስብ፤ ፍሬኑ አጠገብ ይሁን። ይህ ነገር ረዳት ነው እንጂ ሹፌር አይደለም ይላል።»

ሽብሩ መነጽሩን አወለቀ። «ያ የሸጠልኝ ሰውዬ ይህን ሁሉ አልነገረኝም» አለ።

«አንተስ ጠየቅኸው?» አለች አስካለ።

በነጋታው ሽብሩ ጨርቅ ይዞ ወጣና የመኪናዋን ፊት ጠረገ። የነሐሴ ጭቃ ጥርቅም አድርጎ ይዞት ነበር። ዛሬም ክሩዙን ይጠቀምበታል። ሰፊና የጠራ መንገድ ሲያገኝ ከፊቷ ካለው መኪና የምትጠብቀውን ርቀት ረጅም አድርጎ ይሞላታል፤ እግሩ ፍሬን አጠገብ ነው፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። ጉልበቱም ትንሽ ዐረፈለት።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

መኪና ያላችሁ፣ ስለ መኪናም ነው የማወራው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጡትና አስነብቡት። መኪና የሌላችሁ ደግሞ እኔን አይመለከተኝም ብላችሁ ደገፍ አትበሉ።

ስንቶቻችን ነን እግራችንን ያነሳነው? ልጆቻችንን ለትምህርት ቤት ሰጥተን እግራችንን አነሳን። ጸሎታችንን ለሚጸልይልን ሰው ሰጥተን እግራችንን አነሳን። ፊታችን ያለውን ሰው ጀርባ እያየን፣ ሲቀዘቅዝ ቀዝቅዘን፣ ሲሄድ ሄደን፣ መንገድ እያየን ይመስለናል። ጥሩ ሰው ይሆናል፣ ክፋት የለውም። ግን እሱ ወደ ግራ የዞረ ቀን ፊታችን የቆመው ምንድን ነው? ማን ያየዋል?

እግዚአብሔር ረዳት ይሰጣል። ይመስገን፣ ይሰጣል። ረዳት የሰጠን ግን ዓይናችንን ልንጨፍን አይደለም።

ደግሞ ሽብሩን ብቻ የምወቅስ አይምሰላችሁ። እሱ እግሩን አነሳ። አስካለስ? አፏን ዘጋች። እሱ መንገዱን ለመኪናዋ ተወው፣ እሷ ለቂሟ ተወችው። መሀል ላይ ሕፃን ነበር።

ከእናንተ ውስጥ ቅጠሉን አይታ ዝም ያለች ማናት? ልጇ ከማን ጋር እንደሚውል አይታ፣ የወንድሟ ትዳር ሲንገዳገድ አይታ፣ ያኔ ተናግሬ ምን ተባልኩ ብላ ዝም ያለች ማናት? የተናገራችሁ ሰው ምናልባት ረስቶታል። የሚያስታውሰው እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ። መንገዱ ግን እየሄደ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስካለ ያን ቀን ያደረገችውን ልንገራችሁ።

ሽብሩ መሪውን እንደያዘ፣ እሷ በሩን ከፍታ ወረደች። በመጡበት በኩል ዳር ዳሩን ወደ ኋላ ሄደች። ጎማቸው የጨፈለቀውን ቅርንጫፍ አነሳችው፤ ተሰባብሯል፣ ከሩቅ አይታይም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከግራሩ አዲስ ሰበረች። እሾሁ እጇን ቧጠጣት። ቅጠሉን ከበፊቱ ቦታ ራቅ አድርጋ ጣለች፤ ከዚያም ራቅ ብላ ሌላ። የጭነት መኪናው ጎማ እስኪገባ ድረስ እዚያው ዳር ቆማ፣ ለሚመጣው ሁሉ እጇን እያወዛወዘች፣ «ቀስ በሉ፣ ሰው አለ» ትል ነበር። የሰሟት አሉ፣ ያልሰሟት አሉ። እሷ ግን አላቆመችም።

ከዚያ ተመልሳ ጋቢና ገባች። ቀበቶዋን አሰረች።

«ሽብሩ፣ ያንን ቃል እዚህ ትቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። መሪው የአንተ ይሁን።»

«እሺ» አለ ሽብሩ። ለመኪናዋ እንደሚለው፣ እሺ።

እስከ ሞጆ ድረስ አፏ አላረፈም።

«ጋሪ አለ።»

«አይቼዋለሁ።»

«በግ አለ፣ በቀኝ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ጀሪካን የተሸከመች ሴትዮ አለች፣ ከዛፉ ጀርባ፣ ልትሻገር ነው።»

«እሷን አላየኋትም ነበር» አለ ሽብሩ፤ እግሩንም ፍሬኑ ላይ አደረገ።