ሐጂ ኑርሁሴን «ይበቃል» ያሉት ሽቦ

ስሟ ተረስቶ ወሬዋ ብቻ በቀረልን አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከመስጊዱ በር ፊት ለፊት፣ ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ገመድና የሽቦ መረብ ይሸጣሉ። ከዕቃቸው ይልቅ የታወቀው ግን ቃላቸው ነበር። ሐጂ «ይበቃል» ካሉ ይበቃል፤ «አይሆንም» ካሉም አይሆንም። እሳቸው የመረጡትን ዕቃ አገላብጦ ማየት በዚያች ከተማ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። መቼም ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ለከሰዓቱ ለአስር ሶላት ጥቂት ሲቀር ዘምዘም የምትባል ሴት ወደ ሱቃቸው መጣች። ወንድሟና ሚስቱ ሞተውባት ልጆቻቸውን የምታሳድግ ናት። የቲሞቹ ከአባታቸው የወረሱት ዶሮዎቹን ብቻ ነበር፤ የሚለብሱትም የሚማሩበትም ከእንቁላሉ ነው። ዘምዘም ይህን አማና፣ ይህን አደራ፣ እንደ ፍም ይዛዋለች። የየቲም ሀቅ ሆድ ውስጥ እሳት ነው ብላ ስለምትፈራ ከእንቁላሉ አንዲት እንኳ ቀምሳ አታውቅም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሸለምጥማጥ ከወንዙ ዳር እየወጣ የሰፈሩን ዶሮ ይጨርስ ስለ ጀመር፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥታ ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ሐጂ ገዢውን አስቀምጠው «የምታጥረው ከምን ለመከላከል ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ቀን ግን አዛኑ ጀመረ። እሳቸውም ለውዱእ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ለዶሮ ነው?» አሏት።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ያ ይበቃል» አሉና ቀዳዳው ሰፊ ወደ ሆነው ጥቅል ጠቁመዋት ወጡ። እሷም ይዛው ሄዳ ወዲያው አጥሯ ላይ ዘረጋችው።

ዶሮ እንዳትወጣ በእርግጥ ይበቃል። አውሬ እንዳይገባ ይበቃ እንደሆነ ግን አላሰቡትም። ለሶላት መቸኮል መልካም ነገር ነው፤ ስህተትም አንዳንዴ የመልካም ነገር ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ሶላቱ አልቆ ብዙ ቆይተው ተስቢህ እየቆጠሩ ሳሉ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰሙ። «ሸለምጥማጡ ትናንት እኛ ቤት ገባልህ! ሽቦዬ ሰፊ ቀዳዳ ነበር። ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ምን ይቸግረዋል? እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው።»

የሐጂ ጣቶች መቁጠሪያቸው ላይ ቆሙ። «ያ ይበቃል» ያሉት ቃል በራሳቸው ድምፅ ጆሯቸው ላይ ይጮህ ጀመር። ተነሥተው ወደ ሱቃቸው ገቡና ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ጥቅል ተሸከሙ። ላግዝዎት ያላቸውን ሁሉ «ሸክሙ የኔ ነው» እያሉ ወደ ዘምዘም ቤት ቁልቁለቱን ወረዱ።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሐጂ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር አይተዋል፤ ሽፍታም አስቁሟቸው ያውቃል። እንደዚያ ምሽት ግን ፈርተው አያውቁም። «ያ ረቢ፣ በኔ ምላስ የየቲም ሀቅ እንዳታጠፋ» እያሉ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ከዘምዘም አጥር ሲደርሱ የዶሮዎቹን ጩኸት ሰሙ። እሷ ዱላ ይዛ ስትሮጥ ሸለምጥማጡ በገባበት ቀዳዳ ሾልኮ ጫካው ውስጥ ጠፋ። ጫጩት ታቅፋ የነበረችው ዶሮ አንገቷ ተበጥሶ ወድቃለች። የቀሩት አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ልጆቹም ከአክስታቸው ቀሚስ ኋላ ተደብቀው ያለቅሳሉ።

«ወይኔ! ለአላህ ምን ብዬ ልመልስ ነው?» አለች ዘምዘም።

«አንቺ አይደለሽም የምትጠየቂው፤ አብሽሪ» አሉ ሐጂ። ጥቅሉን አወረዱና አጥሩ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ በእጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ስትወስጂው ቀዳዳውን አላየሽውም?»

«አየሁት፣ ሐጂ። እጄ እስከ ክንዴ ገባ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ዘምዘም መሬት መሬት እያየች፣ «እርስዎ ይበቃል ካሉ በኋላ? ከሐጂ በላይ ላውቅ ነው? ፈራሁ» አለች።

ይህን ሲሰሙ ሐጂ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። እስከዚያች ቅጽበት የፈሩት አውሬውን ነበር። አሁን ግን በሱቃቸው ስንት ሰው ስህተታቸውን እያየ አንገቱን ደፍቶ እንደ ወጣ አሰቡ፤ ቁጥሩንም ከአላህ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«አፉ በይኝ» አሉ። «እናንተም ልጆቼ፣ አፉ በሉኝ።»

ዶሮዎቹን ወደ ቤት አስገብተው፣ መግሪብን እዚያው ሰግደው ሄዱ። በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ ከቤታቸው አንዲት ታቃፊ ዶሮ ይዘው ተመለሱ። ጠባቡን ሽቦ ግን ከመዘርጋታቸው በፊት ለዘምዘም አቀረቡላት።

«ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

«እርስዎ ያውቃሉ፣ ሐጂ።»

«እኔማ ትናንት አወቅሁልሽ! አሁን አንቺ ንገሪኝ።»

ዘምዘም እየፈራች ጣቷን ሰደደች። አላለፈም። ጎንበስ ብላ የአጥሩን ሥር አየችና በቀስታ፣ «ሽቦው ይሆናል። ግን… ከሥር ቆፍሮ ይገባል፤ ጫፉ መሬት ውስጥ መቀበር አለበት» አለች።

የሐጂ ዓይን እንባ አቀረረ። ዶማ አስመጥተው ራሳቸው ቆፈሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ገዢ መርምሮ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ሳይላቸው ከሱቃቸው አልወጣም። ለምን እንዲህ ይደክማሉ ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አውሬን ሽቦ ይመልሰዋል። የሚፈራን ሽማግሌ ከስህተቱ የሚመልሰው ማን ነው?» ይሉ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሐጂን ትሕትና ያወድሳሉ። ደግ ነው። እኔን ግን ያስፈራኛል። ሐጂ ውሸታም አልነበሩም፣ ስስታምም አልነበሩም። ሰው በጣም ያከበራቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ የየቲሞቹን ዶሮ ያስበላው ይኸው አክብሮት ነው። እኛስ? አባት ነን፣ ባል ነን፣ አለቃ ነን፣ ሚንበር ላይ የወጣንም አለን። በፊታችን ሁሉም በአዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ ልክ ነን ብለን እንገባለን። ቤታችን ጸጥ ሲል ሰላም ነው ብለን እንተኛለን። አደብ ይሁን ፍርሃት ማን ጠይቆ ያውቃል?

አላህ ዛሬ ደፍሮ «ተሳስተሃል» የሚለንን ሰው አያሳጣን። ነገ በሱ ፊት፣ ዛሬ ፈርቶን ዝም ያለው ሁሉ ይናገራልና።