ያረፈውን ገመድ የነቀለው ባለሙያ

አንድ ባለሙያ ነበረ፤ ፈለቀ ይባላል። ሥራው የአንድ ሆስፒታል ኮምፒውተሮችን ማገናኘት ነው። በካርድ ክፍሉና በላብራቶሪው መካከል መልእክት የሚያቀባብሉ ሁለት ስዊቾች አሉ። አንደኛውን እሱ ተከለው። ሁለተኛውን በቅርብ የተቀጠረችው ስንዱ ተከለችው። የተሠሩበት ፋብሪካ ለየቅል ነው።

ስዊቾቹን ሁለት ገመድ ያገናኛቸዋል። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያርፋል። ሁለቱ ባንድ ላይ ከሠሩ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ሲዞር ይውላል፤ ሁሉም ይቆማል። የሚሠራው ሲበጠስ ግን ያረፈው ተነሥቶ ይተካዋል። የተዘረጉት ለዚሁ ነው።

ስንዱ አንድ ቀን መጣች። "ጋሽ ፈለቀ፣ የእርስዎና የእኔ ስዊች የሚግባቡ አልመሰለኝም። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በሙከራው ቀን ከማየታቸው በፊት አብረን እንሞክራቸው?"

"የኔ ስንት ዓመት ሲሠራ ኖረ" አለ ፈለቀ። "ያንቺ አማርኛ ካልገባው አስተምሪው እንጂ።"

ቢሮው ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ወጣች።

የሚሠራው ገመድ ተነቅሎ ያረፈው መተካቱ የሚታይበት የሙከራ ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን አስከትለው መጡ። "በል የሚሠራውን ንቀለው" አሉ።

ፈለቀ እጁን ሰደደ። ጣቱ የሚሠራው ገመድ ላይ አረፈ። ብነቅለውና ቢቆምስ? ይህ ሁሉ ሰው እያየ? እጁ ሸርተት አለች። ያረፈውን ነቀለ።

ምንም አልቆመም። ምኑ ይቆማል፤ ድሮም አይሠራ። ተጨበጨበለት። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን መልሶ ሰካ። ሰው ትሕትና መሰለው።

ክረምት ላይ ግድግዳ የሚጠግን ግንበኛ የሚሠራውን ገመድ በጠሰው። ያረፈው አልተነሣም። የአንዱን ስዊች ትእዛዝ ሌላው አልሰማውም። የታመመ ልጅ ያዘሉ እናቶች በካርድ መስኮቱ ፊት ቆመው ዋሉ።

ዳይሬክተሩ ሁለቱን አስጠሩ። ወደ ስንዱ ዞሩ። "በሙከራው ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

ስንዱ መሬት መሬት አየች። ፈለቀም ጫማውን አየ። ሁለቱም ዝም እንዳሉ ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ እሷ ወደ ደረጃው ስታመራ ጠራት።

"ስንዱ፣ ያን ዕለት አይተሽኝ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ አሁን ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ።"

ፊቱ ጋለ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ተመልሶ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳ። ገብቶ መቀመጫ ሲሰጡት እንቢ አለ።

"ጌታዬ፣ ያን ቀን ያረፈውን ነው የነቀልኩት። አውቄ ነው። እሷ ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ሳቅሁባት።"

ስንዱ አልተባረረችም፤ በሥራዋ ቀጠለች። ፈለቀ ግን ከዚያ ወዲያ ሲያመሰግኑት ላብ ያጠምቀዋል ይባላል።

ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ሙከራውን የሚያታልል፣ እፍረቱን አላራቀም፤ ለሌላ ሰው አሸክሞታል። ሸክሙ የሚወርደው ባለቤቱ ሲናገር ብቻ ነው። አንተስ፣ ዛሬ በአንተ ዝምታ መሬት መሬት የሚያይ ሰው የለም?